ከቅልቦሽ እስከ ሰርከስ፦ ቤተ መጻሕፍት ለልጆች ሊከፍተው የሚገባ ሰዓት

ቅልቦሽ የማታውቅ ኢትዮጵያዊት እናት ማግኘት ያዳግታል። ጥቂት ጠጠሮች፣ ትንሽ ጥላና አንዲት ጓደኛ ለጨዋታው ይበቁ ነበር። አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ፣ እርሱ ከመውደቁ በፊት መሬት ላይ ያሉትን ለቅሞ፣ የተወረወረውን በዚያው እጅ መቅለብ ነው። ሕጉ ከአገር አገር ቢለያይም ስሙ የመጣው «ቀለበ» ከሚለው ግሥ መሆኑ ግልጽ ነው። ያቺ በጠጠር ያደገች ልጅ ዛሬ በጂዳ የሳፋ ሰፈር ወይም በመካ ከሚገኙት የመኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ ልጆቿን ታሳድጋለች። በሞቃታማዎቹ ወራት የውጭው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ልጆቹ ደጅ አይወጡም። ቤቱ ጠባብ ነው፤ አባት በሥራ ላይ ነው፤ ስልኩ ግን ሁልጊዜ እጅ ላይ አለ። እናቲቱ በልጅነቷ የነበራት የእጅና የዓይን ቅልጥፍና ወደ ልጆቿ ሳይተላለፍ ይቀራል።

ይህንን ክፍተት ለመሙላት ከሚቀርቡት ሐሳቦች አንዱ በመጀመሪያ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል፤ ልጆች በቤተ መጻሕፍትና በወጣቶች መርሐ ግብር ውስጥ የሰርከስ ክህሎት ይማሩ የሚል ነው። ሦስት ኳሶችን በአየር ላይ እያፈራረቁ መወርወርና መቅለብ (የሰርከስ ሰዎች ጀግሊንግ ይሉታል)፣ በጠባብ እንጨት ላይ ሚዛን መጠበቅ፣ መገለባበጥ፣ ተደጋግፎ መቆም። በብዙ አገሮች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይህን ዓይነት ትምህርት በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት ከንባብ መርሐ ግብር ጎን ለጎን መስጠት የተለመደ ሆኗል። በጂዳና በመካ ለሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ ደግሞ ነገሩ ባዕድ አይደለም። ሰርከስ በኢትዮጵያ የሠላሳ ዓመታት ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ኩራትም ቁስልም ያለበት ነው። ትምህርቱ የት መሰጠት እንዳለበት የሚነግረውም ይኸው ታሪክ ነው።

አስቀድሞ ግን የወላጆች ስጋት ሊከበር ይገባዋል። «ሰርከስ» የሚለው ቃል ሲነሣ በብዙ ሙስሊም ወላጅ ሐሳብ ውስጥ የሚመጣው የተራቆተ ልብስ፣ ከፍተኛ ሙዚቃ፣ በሰንሰለት የታሰረ አንበሳና ከከተማ ከተማ የሚንከራተት ሕይወት ነው። ልጁን ቁርኣን እንዲሐፍዝ፣ ሒሳብና ሳይንስ እንዲማር የሚደክም አባት፣ «ደግሞ ለዚህ ነው እንዴ የመጣሁት?» ቢል አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ የአካል ጥበብና ሐበሻ በእስልምና ታሪክ ውስጥ የተገናኙበት አንድ የታወቀ ቦታ አለ። በመዲና፣ በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ፣ በዒድ ቀን ሐበሾች በጋሻና በጦር ጥበባቸውን ሲያሳዩ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በነቢዩ ትከሻ ኋላ ተጠልለው እስኪበቃቸው ድረስ ተመልክተዋል። ዑመር (ረ.ዐ.) ሊያስቆሟቸው ሲነሡም ነቢዩ እንዲተዋቸው አዘዋል። የሐዲስ ሊቃውንት ይህን ሲያብራሩ፣ ድርጊቱ ከንቱ ጨዋታ ሳይሆን አካልን የማሠልጠን ልምምድ እንደነበር ያመለክታሉ። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ሰርከስ ብይን መስጠት የዑለማዎች እንጂ የጋዜጣ ሥራ አይደለም። ሆኖም የአካል ቅልጥፍናን ማሳየት በራሱ ለሐበሻ ሙስሊም የሚያሳፍር ውርስ አለመሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። ወላጆችን የሚያሳስበው ሌላው ሁሉ፣ ማለትም ልብሱ፣ ሙዚቃው፣ የወንዶችና የሴቶች መቀላቀል፣ የሶላት ሰዓት፣ ከጥበቡ ጋር የተጣበቀ አይደለም። ኳስ መቅለብ በጀለቢያም፣ በሒጃብም ይቻላል፤ ሙዚቃ አያስፈልገውም፤ ለሴት ልጆች የተለየ ሰዓትና ሴት አስተማሪ ማዘጋጀትም ከባድ አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ሰርከስ ኢትዮጵያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1991 በአዲስ አበባ ነው። ዘመኑ የመንግሥት ለውጥ የተካሄደበት፣ ጦርነት ያስመረረው ሕዝብ ትንፋሽ የሚፈልግበት ነበር። በአንድ ካናዳዊ መምህር አነሣሽነት የተጀመረው ቡድን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ጅማ፣ ወደ መቀሌና ወደ ናዝሬት ተስፋፋ። አንበሳና ዝሆን አልነበረውም። ያለው የልጆች አካል፣ ሜዳና የሚመለከት ሕዝብ ብቻ ነበር። ልጆቹ በየሜዳው በሚያቀርቡት ትርዒት ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ተቀበሩ ፈንጂዎች አደጋ ያስተምሩ ነበር። ብዙ ተመልካች ማንበብ በማይችልበት አገር፣ አንድ ልጅ በሌላው ትከሻ ላይ ቆሞ የሚናገረው ነገር ከወረቀት ይልቅ ይሰማል።

ከጅማ የተነሡት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም የዚህ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። በከተማቸው ኳስ መቅለብ ተማሩ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ወደ እንግሊዝ አቀኑ፤ ሰርከስ አቢሲኒያ የተባለውን ቡድንም መሠረቱ። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2017 በኤድንብራ ፌስቲቫል «የኢትዮጵያ ሕልሞች» የሚል ትርዒት ያቀረበ ሲሆን፣ በኋላም የአትሌት ደራርቱ ቱሉን ሕይወት መነሻ ያደረገ ሥራ አሳይቷል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወንድማማቾቹ ያገኙትን ይዘው መቅረት አለመፈለጋቸው ነው፤ በአዲስ አበባ የሚገኘውን የዊንጌት ሰርከስ ትምህርት ቤት ደግፈው፣ በተራቸው ልጆች የሚማሩበትን በር ከፍተዋል።

ይህን የመሰለ የስኬት ታሪክ ግን ብቻውን ሲነገር ያሳስታል። ከመቶ ልጆች አንዱ ኤድንብራ ይደርስ ይሆናል፤ ዘጠና ዘጠኙስ? መልሱ ከመድረክ ይልቅ በሌሎቹ ቡድኖች ሥራ ውስጥ ይገኛል። በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው የደብረ ብርሃን ሰርከስ አካል ጉዳተኛና መስማት የተሳናቸውን ወጣቶች ከሌሎቹ ጋር አብሮ ያሠለጥናል። መስማት ለተሳነው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚወረወር ኳስ ድምፅ የለውም፤ ሰሚውም የማይሰማውም እኩል የሚያዩት ቋንቋ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣቶች የተመሠረተው ፈቃት ሰርከስ ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል እየገባ የታመሙ ልጆችን ያስቃል፤ ለሰፈር ልጆችም ሥልጠና ይሰጣል። የአፍሪካ የሰርከስ ጥበብ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲስ አበባ ሲካሄድም ከጀርባው የነበረው ይኸው ቡድን ነው። ከነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ታዋቂ አልሆኑም። አካላቸውን ማዘዝ፣ ሰዓት ማክበርና በጓደኛ መታመን ግን ተምረዋል።

አሁን ስለ ቁስሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሰርከስ ኢትዮጵያ በአውስትራሊያ ጉዞ ላይ ሳለ ወጣት አባላቱ ከቡድኑ ተለይተው ጥገኝነት ጠየቁ፤ በመሥራቹ ላይም ከባድ የበደል ክስ አሰሙ። ነገሩ በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተሰራጨ፤ ቡድኑም እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም። ይህን ማንሣት ለብዙዎች ደስ አያሰኝም፤ ስለ ኢትዮጵያ ሰርከስ የሚጻፉ የምስጋና ጽሑፎችም አብዛኛውን ጊዜ ያልፉታል። ነገር ግን ልጁን ለአስተማሪ የሚሰጥ ወላጅ ማወቅ ያለበት ከኤድንብራው ጭብጨባ በፊት ይህን ነው። ልጆች በአንድ ሰው ፈቃድ ሥር ሲወድቁ፣ ልምምዱ ከወላጅ ዓይን ርቆ ሲካሄድ፣ ፓስፖርትና የውጭ ጉዞ እንደ ሽልማት ሲንጠለጠል፣ ጥበቡ የቱንም ያህል ቢያምር አደጋው አብሮ ይመጣል። ችግሩ ኳሱ አልነበረም፤ ችግሩ ቤቱ ነበር።

ለዚህ ነው ትክክለኛው ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚሆነው።

ቤተ መጻሕፍት በሩ ክፍት ነው። የሚገባው ሰው ይታያል፤ የሚመዘገበው ይመዘገባል፤ የሥራ ሰዓቱ በግድግዳ ላይ ተጽፏል። እናት ሕፃን አቅፋ በአንድ ጥግ ተቀምጣ ልጇን ልትመለከት ትችላለች፤ ማንም «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አይላትም። የግል የስፖርት አዳራሽ ይህን አይሰጥም፤ የአንድ ግለሰብ ሳሎን ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም። ቤተ መጻሕፍት የዝምታ ስፍራ ነው የሚለው ተቃውሞ በከፊል እውነት ቢሆንም፣ የልጆች ክፍል ያለው ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ተረት የሚነገርበት፣ የሚሳልበት፣ የሚሳቅበት ሰዓት አለው። ደግሞም ቤተ መጻሕፍት ለዚህ ጥበብ ቦታ ከሰጠው ቆይቷል፤ በዓለም ላይ በስፋት በሚሠራበት የዴዊ የመጻሕፍት አመዳደብ ሰርከስ በ791.3፣ ኳስ የመቅለብ ጥበብ ደግሞ በ793.87 ሥር ይደረደራል። ኳሱ ከወደቀበት መደርደሪያ ላይ መጽሐፉ ይጠብቃል ማለት ነው። ሦስተኛውን ኳስ መቅለብ ያቃተው ልጅ «እንዴት ነው የሚደረገው?» ብሎ መጽሐፍ ሲገልጥ፣ አንባቢ ለመሆን የሚያስፈልገውን ዋና ነገር አግኝቷል፤ ማወቅ የሚፈልገው ነገር አለው።

በሳውዲ ዓረቢያም ሁኔታው ለዚህ የተመቸ ነው። የመዝናኛ ጠቅላይ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ከተቋቋመ ወዲህ በመንግሥቱ የተለያዩ ከተሞች ዓለም አቀፍ ትርዒቶች ቀርበዋል፤ ታዋቂው ሰርክ ዱ ሶሌይ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 በብሔራዊ ቀን በሪያድ ሥራውን አሳይቷል። በባህል ሚኒስቴር ሥር የቤተ መጻሕፍት ኮሚሽን በ2020 ተቋቁሞ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን መጻሕፍት ከማዋስ ያለፈ ሥራ ወደሚሠሩ የባህል ቤቶች የመለወጥ ዕቅድ ይዟል። እነዚህ ሁለት እርምጃዎች ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ልዩነት ይገለጣል። የመጀመሪያው ልጁን ተመልካች ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ሠሪ ሊያደርገው ይችላል። ትርዒት ለማየት ትኬት ያስፈልጋል፤ በሹፍርና ወይም በቤት ሥራ አምስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ደግሞ ለቤተሰቡ ሁሉ ትኬት መግዛት ሊያስቸግረው ይችላል። ሦስት ኳስ ግን ማንንም አያስቸግርም።

ስለ ኳሶቹ አሠራር ትንሽ ማለት ይገባል፤ በዚህ ነገር ሱቅ መሄድ አያስፈልግምና። ፊኛ ወይም ያረጀ ካልሲ በሩዝ ሞልቶ አፉን አጥብቆ ማሰር በቂ ነው። የአላህን ጸጋ መጫወቻ ማድረግ የሚከብደው ወላጅ በሩዙ ፈንታ አሸዋ ይጠቀም፤ አሸዋ በጂዳ አይታጣም። እንዲህ ያለው ኳስ ሲወድቅ አይነጥርም፣ አይንከባለልም፤ የታችኛውን ፎቅ ጎረቤትም አያስቆጣም። ትምህርቱ በአንድ ኳስ ይጀምራል። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው፣ በዓይን ከፍታ ላይ ቀስት እየሠራ እንዲሄድ ይወረወራል፤ ዓይን የሚያየው እጅን ሳይሆን ኳሱ የሚደርስበትን ጫፍ ነው። ቀጥሎ ሁለተኛው ይጨመራል፤ የመጀመሪያው ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሁለተኛው በሥሩ ይለቀቃል። ጀማሪዎች ሁሉ እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይሠራሉ፤ ሁለተኛውን ከመወርወር ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ ያቀብሉታል። ይህ ስሕተት የተስተካከለለት ልጅ ሦስተኛውን ለማግኘት ሩቅ አይደለም። አልጋ ፊት ቆሞ መለማመድ ይመከራል፤ የወደቀውን ለማንሣት ጎንበስ ብሎ ወገብ መቁረጥ ይቀራል።

ይህ ልምምድ በአእምሮ ላይ የሚያደርሰው ለውጥም ተመርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ለሦስት ወራት ያህል ሦስት ኳስ መቅለብ የተማሩ ሰዎች እንቅስቃሴን በማየት ሥራ የሚሳተፈው የአእምሯቸው ክፍል መጠን መጨመሩን አሳይቷል። ልምምዱን ሲያቆሙ ጭማሪው ቀነሰ። በ2009 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የአእምሮ ክፍሎችን በሚያገናኙት የነርቭ መሥመሮች ላይም ከስድስት ሳምንታት ልምምድ በኋላ ለውጥ መታየቱን ዘገቡ። የተጠኑት አዋቂዎች ስለነበሩ፣ ኳስ መቅለብ የሒሳብ ውጤት ያሳድጋል ብሎ ለወላጅ ቃል መግባት ሐሰት ይሆናል። የሚባለው ይህ ብቻ ነው፤ የተለማመደ ይለወጣል፤ የተወ ያጣል። ይህንን ለሚሐፍዝ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ያላከለሰው ሱራ እንዴት እንደሚጠፋ ያውቀዋል።

ሌላም ጥቅም አለ፤ ምናልባት ለዚህ ማኅበረሰብ ዋናው እርሱ ነው። በጂዳና በመካ ተወልደው ያደጉ ልጆች ከአማርኛ ይልቅ ዓረብኛ ይቀናቸዋል፤ እናት በአማርኛ ትናገራለች፣ ልጅ በዓረብኛ ይመልሳል። ቋንቋን በሰዋስው መጽሐፍ ብቻ ማቆየት እንደማይቻል በየቤቱ ታይቷል። ነገር ግን «ወርውር»፣ «ልቀቅ»፣ «ቅለብ»፣ «ቀስ በል»፣ «እንደገና» የሚሉ ቃላት በየሳምንቱ ከእጅ እንቅስቃሴ ጋር ሲሰሙ በቀላሉ አይረሱም። አስተማሪዋም ሩቅ አይደለችም። ቅልቦሽ የተጫወተች እናት ሁሉ ግማሹን ታውቃለች። ልጇ ፊት በአንድ እጇ ጠጠር ስትቀልብ፣ ልጁ እናቱን ቤት ውስጥ ከሚያያት ሌላ አድርጎ ያያታል። ነገ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው አገር እንደሚኖር ለማያውቅ ቤተሰብ ደግሞ፣ እንዲህ ያለው ችሎታ በሻንጣ ሚዛን ላይ የማይቆጠር ንብረት ነው። ልጁ አዲስ ትምህርት ቤት ገብቶ የአገሬውን ቋንቋ ገና ባይጨርስ እንኳ፣ በዕረፍት ሰዓት ሦስት ድንጋይ አንሥቶ ጓደኛ ሊያፈራ ይችላል።

መርሐ ግብሩ የሚጀመር ከሆነ ግን ከ1998ቱ ታሪክ የተወሰዱ ሕጎች ከመጀመሪያው ቀን ይጻፉ። አስተማሪ ብቻውን ከልጆች ጋር አይሁን፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች ይገኙ። በሩ አይዘጋ። የልጁ ስምና የወላጁ ስልክ በቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ እንጂ በአስተማሪው ስልክ ውስጥ አይቀመጥ። መገለባበጥና ትከሻ ላይ መቆም ፍራሽና የሠለጠነ አሠልጣኝ እስኪገኝ ይቆይ፤ ኳስና ሚዛን ይበቃል። የልጆች ፎቶና ቪዲዮ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይሠራጭ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት፣ ቡድን አይቋቋም፤ ትርዒት አይዘጋጅ፤ ጎበዞች አይመረጡ። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ብዙዎችን አያስደስትም፤ ማኅበረሰቡ በዒድ ዝግጅት ላይ ልጆቹን መድረክ ላይ ማየት ይወዳል። ነገር ግን ትርዒት ሲመጣ ምርጫ ይመጣል፤ ምርጫ ሲመጣ እጁ የዘገየው ልጅ ወንበር ላይ ይቀመጣል። መርሐ ግብሩ የተፈለገው ግን በተለይ ለእርሱ ነበር።

በኢትዮጵያ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲከፍቱ፣ ኋላም በሐዋሳ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች ሲያደርሱ፣ የያዙት ሐሳብ ቤተ መጻሕፍት ልጁ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሕንፃ ብቻ አይደለም የሚል ነበር። በጂዳና በመካ አህያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የልጆች ክፍል ያለው አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ያለ አንድ ሰዓት፣ ለመቆጣጠር ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ወላጆችና በካልሲ የተሰፉ ሠላሳ የአሸዋ ኳሶች ናቸው። ሠላሳ ኳስ ለአሥር ልጆች ይበቃል። ጥያቄውን ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የሚሄደው የማኅበረሰቡ ተወካይ ኳሶቹን አብሮ ቢወስድ መልካም ነው፤ ኃላፊው በሩን ዘግቶ አንዱን ወደ ላይ ሳይወረውር አይቀርም።